ማላካ የሱልጣኑ ቤተ መንግሥት ሙዚየም፦ ሄጄ መጣሁ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ

መንገደኛው (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ለሥራ ስልጠና ሦስት ሳምንት ኩዋላ ላምፑር ነበርኩ። የገበያ ማዕከል መዞሩ ሲሰለቸኝ አንድ ቅዳሜ በጠዋት ተነስቼ ጥንታዊቷ የማሌዥያ የወደብ ከተማ ማላካ ሄድኩ። ቲቢኤስ ከሚባለው ትልቅ መናኸሪያ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ግራና ቀኙ የፓልም ዛፍ ብቻ ነው፤ ሌላ የሚታይ ስለሌለ እንቅልፌን ተኛሁ።

ከተማው ውስጥ ሙዚየም እንደ አሸን ነው። ሁሉንም አይቼ አልጨርስም ብዬ አንዱን መረጥኩ። የማላካ ሱልጣኔት ቤተ መንግሥት የሚሉትን። ከቅዱስ ጳውሎስ ኮረብታ ሥር ነው የቆመው። ጠቆር ያለ የእንጨት ቤት ነው፤ ጣሪያ በጣሪያ ላይ የተደራረበ፣ በምሰሶ ከመሬት ከፍ ያለ። እንጨቱ የተያያዘው በእንጨት ችንካር ነው፣ ሚስማር አልገባበትም ይላሉ።

በር ላይ ጫማ ይወለቃል። እኔ ደግሞ ያን ቀን ያደረግኩት ካልሲ ቀዳዳ ነበር። አውራ ጣቴ እንደ እንግዳ አስተናጋጅ ቀድማኝ ገባች። ምን ላድርግ፣ ሁለቱንም ካልሲ አውልቄ ኪሴ ከተትኩና በባዶ እግሬ ዞርኩ። እውነቱን ለመናገር ሳይሻል አልቀረም። ውጭው ሙቀት ያንገበግባል፤ ወለሉ ግን በሰው እግር የተወለወለ እንጨት ነው፣ ይቀዘቅዛል። ሳንቃዎቹ ስትረግጧቸው ትንሽ ይንሲጠጣሉ።

ውስጥ በሰው ቁመት የተሠሩ ምስሎች አሉ። የዙፋን አዳራሹ ላይ ሱልጣኑ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ሹማምንቱ ወለል ላይ እግራቸውን አጣጥፈው። ወርቃማ ቢጫ የንጉሥ ቀለም ነው፤ ድሮ ተራ ሰው መልበስ አይፈቀድለትም ነበር። ከሹማምንቱ ስም ውስጥ አንዱ ደስ አለኝ፦ ሻህባንዳር። የወደቡን ነጋዴ የሚያስተዳድር ሹም ነው። ነጋድራስ በሉት በቃ። ማላካ አራት ነጋድራስ ነበራት፤ ነጋዴው በመጣበት አገር እየተከፋፈለ አንዱ ሹም ጋ ይሄዳል።

ረጅም የቆምኩት ግን የነጋዴዎቹ ምስል ጋ ነው። የሲያም፣ የጉጃራት፣ የጃቫ፣ የቻይና፣ የዐረብ። ሁሉም በየአለባበሱ ሸቀጡን ይዞ። አንድ በአንድ አየኋቸውና ሳላስበው የኛን ሰው ስፈልግ ራሴን አገኘሁት። የለም። እና ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ ከኛ አካባቢ ሰው ያኔ እዚያ ድረስ ይሄድ ነበር? ታሪክ የምታውቁ ካላችሁ።

የጎምባክ ተማሪ

እንኳን በሰላም ተመለስክ ወንድሜ። እኔ ኬኤል (ኩዋላ ላምፑር) እየተማርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ማላካ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር የምወስድበት እዚያ ነው።

የሁለቱን ጓደኛሞች ፍልሚያ አላነሳኸውም! ክሪስ የሚባለውን የማላይ ጩቤ መዝዘው የሚታገሉት። ማላዮች ስለሱ ሲከራከሩ ማደር ይችላሉ። ታሪኩ ባጭሩ፦ ሃንግ ቱዋ የሱልጣኑ ታማኝ ጀግና ነው። ሰዎች በሐሜት አስበሉት፣ ሱልጣኑም ሳያጣራ ይገደል አለ። ቤንዳሃራው፣ ማለት ዋናው ሚኒስትር፣ ግን ገደልኩት ብሎ ደበቀው። ጓደኛው ሃንግ ጀባት ሞተ የተባለውን ወንድሙን ሊበቀል በሱልጣኑ ላይ ሸፈተና ቤተ መንግሥቱን ያዘ። የሚቋቋመው ጠፋ። ያኔ ቤንዳሃራው ሃንግ ቱዋ በሕይወት አለ ሲል ሱልጣኑ ማረው። ሃንግ ቱዋም መጥቶ ለሱ ሲል የሸፈተውን ጓደኛውን ገደለው።

እንግዲህ ማን ነው ልክ? የድሮ ሰዎች ቱዋ ይላሉ፤ ለንጉሥ መታመን ነው ትልቁ ነገር። እኔ ጋ የሚማሩት ልጆች አብዛኞቹ ጀባት ይላሉ። አንዴ የዶርም ጓደኛዬን ጠይቄያት በዚሁ ከእህቷ ጋር ተኳርፈው ዋሉ። ደግሞ በማላይ ዜና መዋዕል ላይ የሸፈተው ጀባት ሳይሆን ሃንግ ካስቱሪ የሚባለው ጓደኛቸው ነው። ጀባት የሚለው በሌላኛው በጀግናው ገድል ነው።

ክሪሱንም ተጠግታችሁ እዩት። ምላጩ እንደ እባብ የሚጠማዘዘው ዓይነት ከሆነ ጥምዝምዙን ቁጠሩ። ሁሌም ጎዶሎ ቁጥር ነው።

አልዋጥልኝም

ይቅርታ፣ የሰው ደስታ ማበላሸት አልወድም ግን እኔም ሄጄ ነበር። ያ ቤት በ1980ዎቹ የተሠራ ነው እኮ! ሱልጣኑ ያልተቀመጠበት ዙፋን፣ ጀባት ያልሞተበት ወለል። ውስጡ ያለው ብዙው ምስልና ቅጂ። ታሪክ ለማየት ሁለት ሰዓት ተጉዤ ከኔ ትንሽ የሚበልጥ ቤት አይቼ ተመለስኩ። የኛ የጅማው አባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም እንጨት ነው፤ ግን ራሱ ነው፣ አባ ጅፋር የኖሩበት።

መንገደኛው

@አልዋጥልኝም አባባልህ ይገባኛል፤ እኔም ጽሑፉን ሳነብ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ግን አስበው። ያ አገር ሙቀትና እርጥበት ነው። ምስጥ አለ፣ እሳት አለ። የ15ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት ቤት ከየት ይመጣል? ዋናው ቤተ መንግሥት ከላይ ኮረብታው ላይ ነበር ይባላል፤ ዛሬ እዚያ ያለው የፖርቹጋሎች ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ነው።

እኔን የገረመኝ ቤቱን ያወጡት ከመጽሐፍ መሆኑ ነው። ሰጃራ መላዩ የሚሉት ዜና መዋዕል አለ። እ.ኤ.አ. ከ1459 እስከ 1477 የነገሠው ሱልጣን ማንሱር ሻህ ያሠራውን ቤት በቃል ስሎ አስቀምጦታል፦ ምሰሶው፣ ጣሪያው፣ ጉልላቱ። መቃጠሉንም ጽፏል። አናጢዎቹ ያንን አንብበው ሠሩ። ቤቱ ጠፍቶ ስለ ቤቱ የተጻፈው ተረፈ ማለት ነው። እኔ ያየሁት የሱልጣኑን ቤት ሳይሆን አንድ ጸሐፊ ስለ ሱልጣኑ ቤት ያለውን ነው፤ ለኔ ይኼ ከበቂ በላይ ነው።

አልዋጥልኝም

እሺ፣ እንደ መጽሐፍ ካየኸው ይሁን። ግን በር ላይ ትልቅ አድርገው ይጻፉት።

የጎምባክ ተማሪ

ተጽፏል፤ አንተ ካልሲህን ስታይ ነው ያለፈህ 😂 (ይቅርታ፣ ካልሲው የመንገደኛው ነው)

ጡረተኛው መምህር

ልጆች፣ ዘግይቼ ገባሁ። ታሪክ ሳስተምር ነው ፀጉሬ የሸበተውና ለመንገደኛው ጥያቄ መልስ አለኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

አዎ፣ የኛ ሰዎች ነበሩ። ቶሜ ፒሬስ የሚባል ፖርቹጋላዊ መድኃኒት ቀማሚ ከ1512 እስከ 1515 ባለው ጊዜ ማላካ ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ጽፏል። ወደቡ ላይ የሚነግዱትን ሕዝቦች ሲዘረዝር የካይሮ፣ የመካና የኤደን ሙስሊሞች ይልና ቀጥሎ ሐበሾች ይላል። ከነሱ ኋላ የኪልዋና የማሊንዲ ሰዎች፣ ፋርሶች፣ ቱርኮች እያለ ይቀጥላል። ዝርዝሩ ረጅም ነው። በዚያች ወደብ 84 ቋንቋ ሲነገር ይሰማል ይላል ሰውየው።

84 ቋንቋ እንዴት አንድ ወደብ ላይ ተሰበሰበ ካላችሁ፣ ነገሩ የነፋስ ነው። ከሕንድ በኩል የሚመጣው መርከብ በአንደኛው ወቅት ነፋስ ተገፍቶ ማላካ ይደርሳል። ለመመለስ ነፋሱ እስኪዞር ወራት መቀመጥ አለበት። ከቻይና የሚመጣውም እንደዚያው። ስለዚህ ነጋዴው ቤት ይከራያል፣ መጋዘን ይይዛል፣ ያገባል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። አራት ነጋድራስ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ከምዕራብ የመጣው ነጋዴ ከመቶ 6 ቀረጥ ይከፍል ነበር። የማላካ ጌታ የሆነ እጁ በቬኒስ ጉሮሮ ላይ ነው የሚለው ቃልም የዚሁ የፒሬስ ነው። አውሮፓ የሚገባው ቅመም በዚያ ስለሚያልፍ።

ፖርቹጋሎችም ጉሮሮውን ሊይዙ መጡ። አፎንሶ ደ አልቡከርክ በ1511 ነሐሴ ላይ ከተማውን ወሰደ። መስጊዱንና የነገሥታቱን መቃብር አፍርሶ በድንጋዩ ምሽግ ሠራ። መንገደኛው ከሙዚየሙ ስትወጣ አጠገቡ አንድ ብቻውን የቆመ የድንጋይ በር አይተህ ይሆናል። ከዚያ ምሽግ የተረፈው እሱ ነው፤ ሌላውን እንግሊዞች በ1807 አፈረሱት። አልቡከርክ የዘረፈውን ጭኖ ሲመለስ ፍሎር ደ ላ ማር የምትባለው መርከቡ ሱማትራ አጠገብ ሰጠመች። ሀብቱ ሁሉ ባሕር በላው። የዚያች መርከብ ቅጂ እዚያው ማላካ ወንዙ ዳር የባሕር ሙዚየም ሆና ቆማለች። (አልዋጥልኝም፣ ይቺም ቅጂ ናት፤ ከወዲሁ ልንገርህ።)

አሁን ወደኛ እንመለስ። ማላካ በወደቀ በዓመት ከአራት ወሩ፣ በ1512 መጨረሻ፣ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ሕንድ ውስጥ ጎዋ ደረሰ። የንግሥት እሌኒን ደብዳቤ ይዞ ወደ ፖርቹጋል ንጉሥ የተላከ መልእክተኛ ነው። ጎዋ ላይ የተቀበለውና ወደ ሊዝበን የሸኘው ማን ይመስላችኋል? ያው አልቡከርክ። ያንን ምሽግ የሠራው እጅ የእሌኒን መልእክተኛ እጅ ጨብጧል ማለት ነው።

ይኼም አላበቃም። ክሪስቶቮ ዳ ጋማን ታውቁታላችሁ፤ በ1541 ከ400 ሰው ጋር በምጽዋ ገብቶ ከኢማም አሕመድ ጋር ተዋግቶ የሞተው። ወንድሙ ኤስቴቮ ነው ከመርከቡ አውርዶ የላከው። ኤስቴቮ ደግሞ በሕንድ የፖርቹጋሎች ገዥ ከመሆኑ በፊት የማላካ አዛዥ ነበር። ለተማሪዎቼ ይኼን ስነግራቸው «ጋሼ፣ ካርታውን ይሳሉልን» ይሉኝ ነበር። ሰሌዳው አይበቃኝም ነበር።

መንገደኛው

ጋሼ፣ ክብረት ይስጥልን። ይኼን ሳላውቅ በዚያ በር ሥር ቆሜ ሐብሐብ በልቻለሁ።

አልዋጥልኝም

ጋሼ ደስ ይላል። ግን «ሐበሻ» ሲል የግድ እኛ ማለት ነው? ያን ጊዜ ሕንድ ላይ ሐብሺ የሚባሉት እኮ አብዛኞቹ ተሸጠው የሄዱ ናቸው።

ጡረተኛው መምህር

ጥሩ አነሳህ፤ ክፍል ውስጥ ብትሆን ነጥብ እሰጥህ ነበር። ከቀይ ባሕር ማዶና ከዘይላ፣ ከበርበራ በኩል ብዙ ሰው በባርነት እየተሸጠ ሕንድ ተወስዷል። ሕንዶች ሐብሺ አሏቸው። ግማሾቹ ወታደር ሆኑ፤ በ1480ዎቹ መጨረሻ ቤንጋልን በጉልበት ይዘው ለጥቂት ዓመታት ነግሠዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ ዴካን ላይ የገነነው ማሊክ አምባርም ከኛ አገር ተሸጦ የሄደ ልጅ ነው።

የፒሬስ ዝርዝር ግን የነጋዴዎች ዝርዝር ነው። ቆጥሮ ያስቀመጣቸው ከካይሮና ከመካ ሰዎች ጎን ነው። እኔ የምለው፦ አንዱ በሸቀጥ፣ ሌላው በሰንሰለት እዚያ አካባቢ ደርሷል። ደገኛው ክርስቲያን ነው ብሎ መዝለል አያስኬድም። የባሕሩ መንገድ በዚያን ጊዜ የሙስሊሙ ነጋዴ መንገድ ነበር።

የደሴ ልጅ

ጋሼ የመጨረሻዋን መስመር ይዤ ልግባ።

መንገደኛው፣ እዚያ ጃዊ የሚባል ጽሑፍ አላየህም? ማላይኛን በዐረብ ፊደል የሚጽፉበት ነው። ዐረብኛ ውስጥ የሌሉ ድምፆች ስላሏቸው ነጥብ እየጨመሩ ፊደል ፈጠሩ። ለምሳሌ «ፓ» ለማለት የ«ፋ»ን ፊደል ወስደው ከላይ ሦስት ነጥብ አደረጉበት። በቃ።

ይኼ ለኔ ቤተሰብ ነው። የኛ ወሎ መሻይኾች አማርኛውን መንዙማ በዐረብ ፊደል ነው የጻፉት፤ ዐጀሚ እንለዋለን። አያቴ የግዕዙን ፊደል አንድም አያነቡም ነበር፤ አማርኛ ግን በዐጀሚ ይጽፉ ነበር። «ጨ»ንና «ጰ»ን ለመጻፍ የሚጨነቁት ጭንቀት ከማላዮቹ ጋር አንድ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ጫማ እያጠበቡና እያሰፉ ለእግራቸው እንደማድረግ ነው።

አንድ ማላይ ጓደኛዬ የጃዊ ገጽ በስልክ ልኮልኝ ነበር። ፊደሉን እያነበብኩ ቁጭ አልኩ፤ ትርጉሙ አይገባኝም። ቀስ እያለ ግን አንዳንድ ቃል ብቅ ይላል። ዱንያ፤ ያው ዱንያ ነው። ዋክቱ አለ፤ ወቅት። ከርታስ አለ፤ ወረቀት፣ የኛ ክርታስ። ሳቡን አለ፤ ሳሙና። ሁሉም ከዐረብኛ ገብቶ ነው። እሱ በዚያ ጫፍ እኔ በዚህ ጫፍ ሆነን በነዚህ ቃላት ብቻ ግማሽ ሰዓት ስንሳሳቅ አመሸን።

ይኼ ነገር የሚያጓጓችሁ ካላችሁ ከማላካ ይልቅ ትሬንጋኑ ሂዱ። ኩዋላ ትሬንጋኑ ከተማ በሚገኘው የክልሉ ሙዚየም ውስጥ አንድ የተጻፈበት ድንጋይ አለ። ላዩ ተሰብሯል፤ ዓመቱ 1303 ይባላል። በማላይኛ በጃዊ ከተጻፉት ሁሉ ጥንታዊው እሱ ነው። ላዩ ላይ የተቀረጸው ሕግ ነው፦ ስለ ብድር፣ ስለ ዝሙት፣ ስለ ሐሰት ምስክር ቅጣት። ዩኔስኮ በ2009 በዓለም የሰነድ ቅርስነት መዝግቦታል። አልዋጥልኝም፣ እሱ ቅጂ አይደለም፤ ራሱ ነው።

አልዋጥልኝም

አሁን ነው የመጣህልኝ 🙌

እናት ዓለም

እኔ ከዱባይ ነኝ። በሚቀጥለው ወር ከሁለት ልጆች ጋር ማሌዥያ ልንሄድ ነው፤ ትልቁ ዘጠኝ፣ ትንሿ አምስት ዓመቷ ነው። ለልጆች ይሆናል ወይስ ይሰለቻሉ? ደግሞ እኛ ጾም ላይ ነን፤ የሚበላ ይገኛል?

የጎምባክ ተማሪ

እናት ዓለም፣ ይሆናል። ግን በጠዋት ግቡ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱም ዝናቡም ስለማይታወቅ ጃንጥላ ያዙ። ከመሄዳችሁ በፊት የመክፈቻ ቀኑን አጣሩ፤ በሳምንቱ አንዳንድ ቀን የሚዘጋ ሙዚየም አለ። ከማላካ መናኸሪያ እስከ አሮጌው ከተማ የከተማ አውቶብስ አለ፤ ከልጅ ጋር ግን ታክሲ ይሻልሻል።

ለልጆቹ የከተማውን አመጣጥ ንገሪያቸው፣ ይወዱታል። በ1400 አካባቢ ከሱማትራ የሸሸ ፓራመስዋራ የሚባል ልዑል እዚያ ዛፍ ሥር አርፎ ነበር። ውሻው ፔላንዱክ አሳደደች። ፔላንዱክ ማለት ከጥንቸል ብዙም የማትበልጥ ሚዳቋ መሰል ፍጡር ናት። ሚጢጢዋ ዞራ ውሻውን ረግጣ ወንዝ ጣለችው። ልዑሉ ደካማው እንኳ እንዲህ የሚደፍርበት አገር ነው ብሎ እዚያው ከተማ ቆረቆረ። የዛፉን ስም ሲጠይቅ ማላካ አሉት። ዛሬም በማላካ ግዛት ዓርማ ላይ ፔላንዱኳ አለች፤ ልጆቹ ይፈልጓት።

ምግቡ ላይ ተጠንቀቂ። አትክልት ብቻ ነው ያሉሽ ሁሉ ቤላቻን ይገባበታል። ከደረቀ ሽሪምፕ የሚሠራ ቅመም ነው፤ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። «ቤላቻን አታድርጉ» ማለት ልመጂ። የሕንዶቹ ሙዝ ቅጠል ላይ የሚቀርበው ሩዝና ምስር ይሻልሻል። እርጎና ቅቤ እንዳያደርጉበት ብቻ ንገሪያቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ማሌዥያ ውስጥ ዘጠኝ የክልል ነገሥታት አሉ፤ በየአምስት ዓመቱ ከመካከላቸው አንዱን የአገሩ ንጉሥ አድርገው ይመርጣሉ። ወጉ፣ ማዕረጉ፣ አለባበሱ አብዛኛው ከማላካ የመጣ ነው። ማላካ ራሷ ግን ዛሬ ሱልጣን የላትም፤ ገዥ ነው ያላት። የመጨረሻው ሱልጣን በ1511 ሸሸ፤ ልጆቹ ጆሆርና ፔራክ ላይ ነገሡ፣ ማላካ ግን ከዚያ ወዲህ አልነገሠባትም።

መንገደኛው

ለልጆች የእግር ብስክሌት ጋሪዎቹንም አትርሺ። ቤቻ ይሏቸዋል። አሻንጉሊት፣ አበባ፣ መብራት ተለጥፎባቸው ሙዚቃውን ለጉድ ያስጮኹታል። የኛ ባጃጅ ሠርግ ቢሄድ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ዋጋውን ሳትነጋገሪ እንዳትወጪ ብቻ።

ካልሲም ደህናውን።

እናት ዓለም (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ክሩን አነሳሁት፣ ይቅርታ። ሄደን መጣን።

ትንሿ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ አንድም ነገር አላየችም፤ በባዶ እግሯ በረንዳውን ከዳር እዳር ስትሮጥ ዋለች። ጠባቂዋ ሴትዮ ሳቀችባት እንጂ አልተቆጣችም። ትልቁ የጀባትና የቱዋ ፍልሚያ ጋ ተተከለ። ታሪኩን ስነግረው «ለምን ቁጭ ብለው አላወሩም?» አለኝ። መልስ አጣሁለት። ከዚያ ማታ ሆቴል ገብተን ሊተኛ ሲል «እማ፣ ያ የደበቀው ሰውዬ ግን ቶሎ ቢናገር ኖሮ ጀባት አይሞትም ነበር» አለ። ቤንዳሃራውን ማለቱ ነው።

የነጋዴዎቹን ምስል ለሁለቱም አሳየኋቸው። ጋሼ የጻፉትን ከስልኬ አነበብኩላቸው፤ ማለት ሐበሾች የምትለዋን። ልጄ ከዐረቡና ከጉጃራቱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ አይቶ «እዚህ ጋ ይበቃል» አለና ሄዶ ቆመ። ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ ፊቱ ስለሚታይ ግን እዚህ አልለጥፍም።

ቤላቻን ሁለት ጊዜ ሸወደን።

ጡረተኛው መምህር

ልጅሽን ሳሚልኝ። ቤንዳሃራውን እኔም እንደዚያ አስቤው አላውቅም።

አልዋጥልኝም

ከኬኤል ትሬንጋኑ ስንት ይሆናል? ድንጋዩን ላየው ነው፣ ወስኛለሁ።

የጎምባክ ተማሪ

450 ኪሎ ሜትር ገደማ። የሌሊት አውቶብስ አለ። ሹራብ ያዝ፤ አየር ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻው ነው የሚከፍቱት።

የደሴ ልጅ

ስትሄድ ጽሑፉን ቀረብ አድርገህ አንሳልኝ፣ በመስተዋቱ ነጸብራቅ እንዳይበላሽ ከጎን በኩል። እኔ ፊደሉን አነብልሃለሁ፤ ትርጉሙን ያ ማላይ ጓደኛዬ ይነግረናል።